ለቀድሞ ፍቅረኛዬ ልጻፍለት ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ከፍቅረኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ቆይተን ከተለያየን አንድ ዓመት አለፈን። በመካከላችን ሌላ ሰው አልገባም። ስንጣላ እሱ ለቀናት ያኮርፋል፣ እኔ ደግሞ እስኪያነሳ ድረስ እደውላለሁ፤ በዚሁ ተሰለቻቸን። ሰሞኑን ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ልጻፍለት?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጀመሪያ የናፈቀሽ እሱ ነው ወይስ አብሮሽ የሚሆን ሰው የሚለውን ለዪ። ለሁለት ሳምንት ያህል ትዝ ባለሽ ቁጥር ሰዓቱንና ምን ላይ እንደነበርሽ ጻፊ። የሚመጣብሽ ማታ ብቻሽን ስትሆኚ ወይም ከሰው ሠርግ ስትመለሺ ብቻ ከሆነ ብቸኝነት ነው፤ መልእክት አያስታግሰውም። ደስ ብሎሽ በዋልሽበት ቀንም የሚመጣ ከሆነ ግን ሊታሰብበት ይገባል።

ጊዜ ሲያልፍ የክፉው ትዝታ ሕመም ከደጉ ትዝታ ደስታ ቀድሞ ይደበዝዛል። ስለዚህ ፎቶ ከማየት ይልቅ የመጨረሻውን ወር መልእክቶቻችሁን አንብቢ።

ከሁሉም የሚከብደው ያለያያችሁ ጠባይ ነው። እሱ ተለውጦ እንደሆነ ከዚህ ሆነሽ ማወቅ አትችዪም፤ የራስሽን ግን ታውቂያለሽ። በዚህ ዓመት ከጓደኛ ወይም ከእህት ጋር ተጋጭተሽ፣ መልስ ሲዘገይብሽ ሳትደውዪ መቆየት ችለሻል? ካልቻልሽ ገና ነው፤ የእሱ ዝምታ ያንኑ ጭንቀት መልሶ ይቀሰቅስብሻል።

ሌላ ሰው ከያዘ፣ «አትፈልጊኝ» ብሎሽ ከነበረ፣ ወይም ዱላና ማስፈራራት ከነበረበት አትጻፊ።

ከወሰንሽ አጭር ይሁን፦ «ሰላም ነህ? ስንጣላ ደጋግሜ እየደወልኩ አስጨንቄህ እንደነበር አሁን ገብቶኛል፤ ይቅርታ። ብንገናኝና ብናወራ ደስ ይለኛል፤ ካልፈለግህም ይገባኛል።» «ናፍቀኸኛል» አይግባበት፤ ይቅርታውን ወደ ልመና ይለውጠዋል። የመጨረሻዋን ሐረግ ከልብሽ ካልሆነ አትጻፊያት። ማታ የጻፍሽውን አሳድረሽ በማግስቱ ቀን ላይ አንብቢው፤ ያኔም ካላሳፈረሽ ላኪው። በጋራ ጓደኛ በኩል ግን በፍጹም! ቃልሽ ተጨምሮበትም ተቀንሶበትም ይደርሳል፣ እሱም በሰው ፊት እንቢ ለማለት ይጨነቃል።

የሚላከው አንድ መልእክት ብቻ ነው። አንብቦት እንደሆነ እየከፈትሽ አትዪ። ሳምንት፣ አሥር ቀን ዝም ካለ መልሱ ዝምታው ነው፤ «ደርሶሃል?» ብለሽ አትድገሚ። እሺ ካለሽ ቀን ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ተገናኙ፤ በዚያው ዕለት «እንጀምር» አትባባሉ።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ዓይነት መልስ ነው፦ ዛሬ ሞቅ አድርጎ ይጽፋል፣ ሳምንት ይጠፋል፣ ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ «ተኝተሻል?» ይላል። ከዝምታ ይልቅ የሚያስረው ይኼ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ መልስ ስልክ ላይ አስፈጥጦ ያውላል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረገ፣ መቀጠል እንደማትፈልጊ በአንድ መስመር ነግረሽው ቁጥሩን ዝጊ።