ከነተከራዩ የተገዛ ቤት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከነተከራዩ ቤት ከገዙ ወይም ከወረሱ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። አራቱን ልመልስ።

«አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ገዛሁ። ሻጩ ‹ተከራዩ በወሩ መጨረሻ ይወጣል› ብሎኝ ነበር፤ ተከራዩ ግን የሁለት ዓመት ውል አውጥቶ አሳየኝ። ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?»

የሻጭ ቃል ተከራይን አያስወጣም። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ቤቱ ሲሸጥም ተከራዩን ለማስወጣት የ6 ወር ቅድመ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ዛሬውኑ በጽሑፍ ይስጡት፤ መቀበሉን የፈረመበትን ቅጂም ያስቀምጡ። ቁልፍ መቀየር፣ መብራት ማቋረጥ የሚባለውን የጎረቤት ምክር አይስሙ፤ ባለመብት ሆነው ሳለ ተከሳሽ ያደርግዎታል። እኔ ብሆን ለስድስት ወር ሌላ ቤት ተከራይቼ የማወጣውን አስልቼ፣ የሁለት ወር ኪራይ ልተውልህና ቀድመህ ልቀቅልኝ እለው ነበር። የሻጩ ቃል በሽያጭ ውሉ ላይ ከሰፈረ ደግሞ ኪሳራዎን ከእርሱ ይጠይቁ። ካልሰፈረ ግን ኪሳራው የራስዎ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

«ተከራይዋ ‹የሁለት ወሩን ለቀድሞው ባለቤት አስቀድሜ ከፍያለሁ› ትለኛለች። ድጋሚ ላስከፍላት?»

መጀመሪያ የባንክ ደረሰኟን ይመልከቱ፤ አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል ያዝዛል። ከፍላ ከሆነ ሒሳብዎ ከሻጩ ጋር ነው። የሽያጩን ቀሪ ገንዘብ ከማስረከቡ በፊት ይህን የሚጠይቅ ገዥ እስካሁን አልገጠመኝም።

«የባንክ ብድሬ በወር ከማገኘው ኪራይ ሦስት እጥፍ ነው። ብጨምርበትስ?»

ብድሩ የእርስዎ እንጂ የተከራዩ ዕዳ አይደለም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እሱም የቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል ይፋ በሚያደርገው መጠን ብቻ ነው።

«ከአባቴ በወረስኩት ግቢ ሰርቪስ ቤቶቹ ውስጥ ያሉት ተከራዮች አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ውል ኖረዋል። እኔንም ያሳደጉኝ ያህል ናቸው። ውል እንፈራረም ብላቸው ነውር ይሆንብኛል?»

ምን ነውር አለው? ቡና ያፍሉና ይጥሯቸው፤ የተጻፈ ውል እነርሱንም እንደሚጠብቅ ይንገሯቸው። ከተፈራረሙ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ያስመዝግቡት። አንድ ነገር ግን እንዳይረሱ፦ የመብራቱ ሒሳብ እንዴት እንደሚከፋፈል በውሉ ይግባ። በአንድ ቆጣሪ ሦስት ቤተሰብ በሚጠቀምበት ግቢ ጠብ የሚነሳው ከኪራዩ ይልቅ በኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው።