«መጀመሪያ ልስተካከል» ላልሽው

አይ እህቴ፣ ቀድመሽ መስተካከል አይጠበቅብሽም። «ኃጢአቴን ሳልተው እንዴት እጸልያለሁ?» ብለሻል፤ የመተዉ ኃይል ራሱ ከጸጋ የሚመጣ ነው። ኤፌሶን 2፥8 እና 9 መዳን የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ ከሥራ እንዳልሆነ ይናገራል። ቁጥር 10 ደግሞ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይጨምራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በዪ፤ ሥራው ከስጦታው በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ «ትንሽ ልንጻ» እያልሽ ቀን አትቁጠሪ። እኔ ፒያሳ ስሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ አራዳ ጊዮርጊስን ከአጥሩ ውጭ ብቻ ተሳልሜ አልፍ ነበር፤ ግንባሬ ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ፣ የታክሲ ረዳቶች ከኋላዬ እየተጣሩ። አንድም ቀን ነጽቼ አላገኘሁትም ራሴን። በመጨረሻ እንደቆሸሽኩ ገባሁ፤ አለቀስኩ፤ ለንስሐ አባቴም ሁሉንም ነገርኳቸው።

ዛሬ ማታ እንዳለሽ ሆነሽ ጸልዪ።