ቫምፓየር በጠራራ ፀሐይ? ስለ ድሮ ፊልሞች ጥያቄና መልስ

ጥላ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ ስለ ድሮ የቫምፓየር ፊልሞች ጠይቁኝ። ድሮ ስል ከ1922 እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ። የ1922ቱን ድምፅ አልባ ፊልም «ኖስፌራቱ»ን ከተገኘው ኮፒ አይታችሁ «አያስፈራም» እንዳትሉኝ።

ፖፕኮርን፦ ጋሽ ጥላ፣ እኔ አየሁት፤ አያስፈራም። ቫምፓየሩ በጠራራ ፀሐይ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ ከተማ ውስጥ ይዞራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፀሐይ ገደለው ይሉናል። ምን ዓይነት ቀልድ ነው?

ጥላ፦ ይኸው፣ ገና ሳንጀምር! ልጄ፣ ያየኸው ቀለሙ የወጣበትን ነው። በዚያ ዘመን ፊልም ለጨለማ ዓይን አልነበረውም። ሌሊት ደጅ ወጥቶ መቅረፅ ከባድ ነበር። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሙርናው ሌሊቱን በቀን ቀረፀው፤ ከዚያ ፊልሙ ቀለም ተነከረ። ሰማያዊ ከሆነ ሌሊት ነው። ሮዝ ከሆነ እየነጋ ነው። የ1922 ተመልካች ይህን ሳይነግሩት ያውቃል። በኋላ ሰዎች በጥቁርና ነጭ ሲገለብጡት ሰማያዊው ጠፋ፤ ሌሊቱም ቀን ሆኖ ቀረ። ሣጥን ተሸክሞ የሚዞረው በሌሊት ነው!

ፍጥነቱም ሌላ ጣጣ ነው። ድምፅ አልባ ፊልሞች ሲቀረፁ በሴኮንድ ከ24 ፎቶ ያነሰ ነበር። በ24 ስታጫውተው ሰው ሁሉ ዱብ ዱብ ይላል። ጫካው ውስጥ የሚበረው ሰረገላ ግን ሆን ተብሎ ነው፤ እሱን አትንኩብኝ።

ደግሞ ፀሐይ ቫምፓየርን ይገድላል የሚለውን ያመጣው ይኸው ፊልም ነው። የፊልሙ ታሪክ በተወሰደበት በብራም ስቶከር ልብ ወለድ ግን ቫምፓየሩ ድራኩላ ለንደን ውስጥ በቀን ይንሸራሸራል።

የሌሊት ወፍ፦ ስለ ቫምፓየር ፊልሞች በአጠቃላይ ምን ይላሉ?

ጥላ፦ በአጠቃላይ ምንም አልልም። ጥያቄ ጠይቅ።

ሚጥሚጣ፦ የትኛውን ልጀምር?

ጥላ፦ «ኖስፌራቱ»። ቀለም ያለውን።

ሃምቡርግ፦ ባለፈው እሑድ በባቡር ሉቤክ ሄጄ ቫምፓየሩ የሚገባበትን ቤት አየሁት። ወንዝ ዳር የተደረደሩ የጡብ ቤቶች ናቸው፤ ድሮ የጨው መጋዘን ነበሩ። ቱሪስቱ አይስክሬም እየበላ ፎቶ ይነሳል። እኔ ግን መስኮቶቹን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ለምን ይሆን?

ጥላ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! የዚያ ዘመን የጀርመን አስፈሪ ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ የተሳለ ጠማማ ግድግዳ ይወድ ነበር። ስታየው ሥዕል መሆኑን ታውቃለህ። ሙርናው ካሜራውን ይዞ ወጣ። ለግንቡ ስሎቫኪያ ያለውን የኦራቫ ግንብ ወሰደ፤ ለከተማው ቪስማርንና ሉቤክን። እውነተኛ በር፣ እውነተኛ ድንጋይ፣ እውነተኛ የባሕር ነፋስ። ከዚያ እዚህ መሀል ቫምፓየሩን የሚጫወተውን ማክስ ሽሬክን አቆመው፤ መላጣ፣ ጆሮው የሾለ፣ ጥርሱ የአይጥ። ሐሰተኛው እሱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቤቱ ዛሬም ሰው ያለበት የሚመስልህ።

ደረጃውን አስታውስ። ቫምፓየሩ ሲወጣ አናየውም። የምናየው ጥላውን ነው፤ የጎበጠ ጀርባ፣ ረጅም ጣቶች። የጥላው ክንድ ወደ በሩ ይረዝማል። ቀጥሎ የእጁ ጥላ የሴቲቱ ነጭ የሌሊት ልብስ ላይ ያርፍና ልቧ ያለበትን ይጨብጣል። እሷ ትታመማለች። ደም የለም፣ ጩኸት አይሰማም። እኔ ይህን ስም የወሰድኩት ከዚያ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ የዛፍ ጥላ መስሏችኋል።

ነጭ ሽንኩርት፦ ፊልሙ ይቃጠል ተብሎ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ጥላ፦ ይውደም ተብሏል። ፈቃድ ሳይጠይቁ ነው የስቶከርን ታሪክ የወሰዱት። የደራሲው ሚስት ከሰሰች፤ በ1925 ፍርድ ቤቱ ኮፒዎቹ ይውደሙ አለ። ግን ቀድሞ የተበተነ ነበር።

ሚጥሚጣ፦ ሁሉም ቢሆን ድራኩላን እንደ ክሪስቶፈር ሊ የተጫወተ የለም። የ1931ዱ ድራኩላ ቤላ ሉጎሲ ክራንቻ እንኳ አያሳይም።

ነጭ ሽንኩርት፦ ክራንቻ ምን ያደርግለታል? ዓይኑ ይበቃል! አነጋገሩስ?

ሚጥሚጣ፦ አነጋገሩማ እንቅልፍ ያመጣል።

የሌሊት ወፍ፦ ኧረ ከሁለቱም የስፓኒሹ «ድራኩላ» ይሻላል። በዚያው ስቱዲዮ፣ ቀን ቀን እነ ሉጎሲ በሠሩበት ቦታ፣ ማታ ማታ እየገቡ የሠሩት።

ጥላ፦ የካሜራው እንቅስቃሴ ይሻላል፤ ቫምፓየሩ አይሻልም። ሉጎሲ ላይ የምትስቁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። ከመነሻው ጽሑፍ በኋላ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። በር ሲከፈት በሩ ብቻ ነው የሚሰማው። ዛሬ ሙዚቃው ቀድሞ «አሁን ደንግጥ» ይልሃል። ያኔ የሚነግርህ የለም።

ሊን ግን አልጠላም። የ1958ቱን የእሱን «ድራኩላ» ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው ያየሁት፤ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን። ቫምፓየር አዳኙ ፒተር ኩሺንግ ጠረጴዛው ላይ ሮጦ መጋረጃውን ሲገነጥለው፣ ሁለት የሻማ ማስቀመጫ አነባብሮ መስቀል ሲሠራ፣ ቤቱ በሙሉ አማተበ። የመስቀሉ ሐሳብ የራሱ የኩሺንግ ነበር።

ሃምቡርግ፦ ድምፅ ያለው ሆኖ እንደ «ኖስፌራቱ» ጭር ያለ ይኖራል?

ጥላ፦ የካርል ድሬየር «ቫምፒር»፣ 1932። ካሜራው ፊት ስስ ሻሽ ጋርደው ቀረፁት፤ ምስሉ ሁሉ ጉም የለበሰ ነው። አንድ ሰው የራሱን ሬሳ ሣጥን ውስጥ ያያል። ክዳኑ መስታወት አለው። ከዚያ አንተ ራስህ ከውስጥ ነህ። ከላይህ ክዳኑን ይዘጉታል፤ መስታወቱ ላይ ሻማ ይቆማል፤ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላ ታይሃለች። ተሸክመው ሲወጡ ሰማዩና የዛፍ ቅርንጫፎች በላይህ ያልፋሉ። ሰው ሲቀበር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ተቀብሬ አላውቅም።

ፖፕኮርን፦ ቫምፓየር ማለት የእኛ ቡዳ አይደል?

የሌሊት ወፍ፦ አይደለም፤ ቡዳ በዓይኑ ነው የሚበላው።

ነጭ ሽንኩርት፦ ማታ ጅብ ይሆናል ይባል የለ?

ጥላ፦ በቃ። በቡዳ ስም ስንት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ተገልሏል። ያ ሰው የተጎዳበት ነው፣ ይኼ ፊልም ነው። አታደባልቁ።

ሚጥሚጣ፦ ጥቁር ቫምፓየርስ አለ?

ጥላ፦ «ብላኩላ»፣ 1972። ዊልያም ማርሻል የአፍሪካ ልዑል ሆኖ ይጫወታል። የባሪያ ንግድ እንዲቆም ሊለምን ድራኩላ ዘንድ ሄዶ ነው የሚነከሰው። ርካሽ ነገር አለበት፤ የማርሻልን ድምፅ ከሰማህ ግን ሁሉን ትተዋለህ።

ቡና፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። የትኛውን ልጀምር?

ጥላ፦ ወደ ላይ ሂድና አንብብ።

ፖፕኮርን፦ ጋሽ ጥላ፣ ሰማያዊውን አግኝቼ እያየሁ ነው። ደረጃው ላይ ደርሻለሁ። መብራት አብርቼ ተመለስኩ።

ጥላ፦ አጥፋው።

ቡና፦ አነበብኩ። ግን ቫምፓየሩ ለምን በቀን ይሄዳል?

ጥላ፦ ደህና እደሩ።