«ሸማኔት» ይባላል? የድሬዳዋ ፋብሪካና የምድር ባቡር ሰዎች የሙያ አጠራር

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተነሡ የቤተሰባችንን ፎቶዎች ሰብስቤ በየግርጌያቸው መግለጫ እየጻፍኩ ነው። ወንድ አያቴ የምድር ባቡር በያጅ ነበሩ። ሴት አያቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሠርተዋል። እህታቸው ደግሞ ቡና ለቃሚ ነበሩ፤ በአንድ የቆየ ወረቀት ላይ ግን ሥራቸው «የቤት እመቤት» ተብሎ ተሞልቷል። አያቴን «ሴት ሸማኔ» ልበል ወይስ «ሸማኔት»? የእህታቸውንስ ወረቀቱ እንዳለው ልጻፍ?

መልስ፦ «ሸማኔት» አይባልም። «ሴት ሸማኔ» ስሕተት ባይሆንም ለፎቶዎ አልመክረውም። አማርኛ የሙያ ስምን ለወንድ አንድ፣ ለሴት አንድ አድርጎ አይከፍልም። ጾታውን የሚነግረን ግሡና የስሙ ቅጥያ ነው፦ «ሸማኔው ድሩን ዘረጋ»፣ «ሸማኔዋ ድሩን ዘረጋች»። በያጅ፣ ቀጥቃጭ፣ ነጋዴ፣ አናጢ ሁሉም በዚሁ ይሄዳሉ። ከውጭ የመጡትም ቢሆኑ አማርኛ ከገቡ ወዲያ ለዚሁ ደንብ አድረዋል። ሹፌርን ከፈረንሳይኛ፣ ካቦን ከጣሊያንኛ ወስደን «ሹፌሯ»፣ «ካቦዋ» እንላለን፤ ሌላ የሴት ቃል አላስፈለገንም።

በ«ት» የሚያልቁት መምህርትና ጸሐፊት የግእዝ ልጆች ናቸው፤ በቤተ ክህነትና በጽሕፈት ቤት በኩል መጡ። ከስም በፊት ለማዕረግ ሲገቡ ያምራሉ። ወደ እጅ ሙያ ግን አልዘለቁም። (የጠጅ ቤቷ «ኮማሪት» ብቻዋን ለየት ትላለች፤ ያም ሴቶች የያዙት ሙያ ስለነበር ነው።)

«ሴት ሸማኔ» የማልመክርበት ምክንያት ይህ ነው፦ «ሴት»ን ከፊት ስናስቀድም ሙያው የወንድ ነው፣ እሷ እንግዳ ናት ማለታችን ነው። በእርግጥ በሸማ ሥራ ክፍፍሉ የቆየ ነው። ጥጡን የሚዳምጡት፣ የሚያባዝቱት፣ በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች ነበሩ። ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ መወርወሪያ የሚወረውረው ወንድ ነበር። ስለዚህ «ፈታይ» ሲባል ሴት፣ «ሸማኔ» ሲባል ወንድ በዓይናችን ይመጣል። ፋብሪካ ግን ሰውን የሚመድበው በክፍልና በፈረቃ ነው። ሴት አያትዎ ሽመና ክፍል መግባታቸው ራሱ ታሪክ ስለሆነ፣ ለዚያ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይስጡት፤ ለምሳሌ «በቤት ሽመና የወንድ ሥራ በነበረበት ዘመን አያቴ በፋብሪካው ሸማኔ ሆና ሠራች»። ጾታው እዚህ ቁም ነገር ስለሆነ በግልጽ ቢነሣ ተገቢ ነው።

አሁን እርስዎ ያላነሡት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚብሰው ጉዳይ አለ። ጥያቄዎን መልሰው ያንብቡት፦ «በያጅ ነበሩ»፣ «ቡና ለቃሚ ነበሩ»። የአክብሮት አነጋገራችን ጾታን ያጠፋል። «አያቴ»ም ለሁለቱም ስለሚሆን፣ «አያቴ ሸማኔ ነበሩ» ብለው ቢጽፉ የልጅ ልጆችዎ ወንድ ነው ብለው ያልፉታል። ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው። «የፋብሪካው ሠራተኞች» የሚለውን ያነበበ ሰው ፎቶው ላይ ሴቶቹ ከፊት ተደርድረው ካላየ በቀር ወንዶችን ያስባል። መፍትሔው ቀላል ነው። አክብሮቱን ከፈለጉ «ወይዘሮ» ብለው ከነስማቸው ይጻፉ፤ ለቡድን ፎቶ አንድ ጊዜ «ሴቶችና ወንዶች ሠራተኞች» ይበሉ። ካልሆነም በድሬዳዋ ወግ «ነበረች» ይበሉ። በከተማዎ ትልቅን ሰው «አንቺ» ማለት የቅርበት እንጂ የንቀት እንዳልሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

«ሠራተኛ» የሚለውንም ቃል ይጠንቀቁበት። «አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር» ቢሉ ማንም አይሳሳትም። «አያቴ ሠራተኛ ነበረች» ብለው ቢያቆሙ ግን ሰው የሚረዳው በሰው ቤት ተቀጥራ እንደነበር ነው። የቤት ሠራተኝነት የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም፤ ያልሠሩትን መጻፍ ስለሚሆን ነው። ለሴቷ ሁልጊዜ የሥራውን ቦታ ወይም ክፍል ያስቀድሙ፦ «የሽመና ክፍል ሠራተኛ»።

ወደ አያትዎ እህት እንምጣ። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ ደርቆ የሚፈለፈል ነው። ጥቁሩ፣ የተሰበረውና ጠጠሩ ተለቅሞ የሚወጣው በእጅ ነበር፤ ያንን የሠሩት በብዛት ሴቶች ናቸው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ቡናው ወደ ጅቡቲ የሚጫነው ከዚሁ ስለነበር፣ የባቡሩ ከተማ የለቃሚዎቹም ከተማ ነበረች። ስለዚህ «ቡና ለቃሚ» ትክክለኛ የሙያ ስም ነው፤ ይጻፉት። ሆኖም የጅማ ወይም የይርጋጨፌ አንባቢ «ቡና ለቀማ» ሲል ከዛፍ መልቀምን ያስባልና፣ «ለውጭ ገበያ የሚላክ የተፈለፈለ ቡና ለቃሚ» ብለው ቢያብራሩ ይጠቅማል። «ቡና ቤት ትሠራ ነበር» ከሚል አጻጻፍ ግን ይራቁ። በዚያ ዘመን ቡና ቤት መጠጥ ቤት ነው፤ ሴትን ከዚያ ጋር ያያያዘ ዓረፍተ ነገር ያልታሰበ ሐሜት ያመጣል።

«የቤት እመቤት» በራሱ የክብር ቃል ነው። የሥራ ዓይነት በሚሞላበት ሣጥን ውስጥ ሲገባ ግን ትርጉሙ «ሥራ የላትም» ወደሚለው ይወርዳል። ጠላ የምትጠምቅ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ቀፊራ ገበያ ጉሊት የምትቀመጥ ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ስትመዘገብ ኖራለች። ሰውየው ግን ትኬት ቆራጭ ከሆነ ትኬት ቆራጭ፣ ዘበኛ ከሆነ ዘበኛ ተብሎ ይጻፋል። ወረቀቱን አያርሙት፤ ሰነድ ነው። ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ አስፍረው ከጎኑ የሠሩትን ይጨምሩ፦ «በወረቀቷ ላይ ሥራዋ ‹የቤት እመቤት› ተብሎ ቢሞላም፣ ወይዘሮ እገሊት ቡና ለቃሚ ነበረች»። የሚያስታውሷት ዘመዶች በሕይወት ካሉ ደግሞ «ምን ነበረች?» ብለው አይጠይቋቸው፤ «ምን ትሠራ ነበር?» ይበሏቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሚስትነቷንና እናትነቷን ያስነግርዎታል፤ ሁለተኛው ግን ሰፌዱን፣ ጠጠሩንና የተቀመጠችበትን መጋዘን ጭምር ያወጣልዎታል።