በጨርቅ የተሸፈነው በረት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አዲስ አበባ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ሥራ ካጣ 7 ወር ሆነው። ሌላ ጊዜ ለገና የፕላስቲክ ዛፍና መብራት እናቆም ነበር፤ ለልጆቹም ስጦታ እንገዛ ነበር። ዘንድሮ አቅም የለም። ትልቋ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ታናናሾቿን ሰብስባ ከካርቶን በረት ሠራች። ከጭቃ እረኞችና በጎች፣ ከብስኩት ወረቀት ደግሞ ኮከብ ሠሩ። አማቴ ሲያዩት «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ምስል መሥራትም ጣዖት ነው፤ አፍርሱት» አሉ። እኔን ግን የከነከነኝ ሌላ ነው። ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ድህነታችን እንዳይታይ ብዬ በረቱን በጨርቅ ሸፈንኩት። ማታ ማታ ልጆቼን «ተመስገን በሉ» እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ምስጋና የለም። ይሄ ግብዝነት አይሆንብኝም? ሲሞላልን ያን ጊዜ ከልብ ብናመሰግን አይሻልም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጾሙና ስለ በዓሉ ሥርዓት ምንም አልጨምርልሽም፤ እንደምታውቂው ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። በመጀመሪያ የአማትሽን ነገር ላንሣ።

አማትሽ ክፉ አልተናገሩም። የሚፈሩት ለልጅ ልጆቻቸው ነው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። እኛ የምንጸልየው በሥዕል ፊት ነው፤ ሐውልት አቁመን አንሰግድም። ግን በዘጸአት 20 ላይ የጣዖትን ምስል የከለከለ አምላክ፣ በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 31 ላይ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በእጅ ሥራ ጥበብ መንፈሱን ሞልቶበታል። የተከለከለው አምልኮው ነው እንጂ የእጅ ሥራው አይደለም። ልጅ ከጭቃ በግ ቢሠራ ማንም ለበጓ አይሰግድም። አንድ ምክር ብቻ አለኝ። ጌታንና እመቤታችንን ከጭቃ አታሠሪያቸው። በበረቱ ውስጥ የልደቱን ሥዕል አቁሙበት። እረኞቹና እንስሶቹ በዙሪያው ይሁኑ። በሬና አህያ መጨመር እንዳትረሱ፤ ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፉ «በሬ ገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ» ያለውን ለልጆቹ አንብቢላቸው። ጌታን በትንፋሻቸው እንዳሟሟቁት ደግሞ አማትሽ ይንገሯቸው። ይህን ከአያት አፍ መስማት ይሻላል።

የፈረንጅ ነው ስለተባለው ደግሞ፣ የፕላስቲኩ ዛፍ ሲገዛ ያልተነሣ ጥያቄ የካርቶኑ በረት ላይ መነሣቱ ትንሽ አሳዝኖኛል። ለገና በእጅ መሥራት እኮ የእኛም ነው። አባቶቻችን ለገና ጨዋታ ዱላውን ከሱቅ አልገዙትም። ጫፉ የቆለመመ እንጨት ፈልገው ይቆርጣሉ፣ ይልጣሉ፣ በእሳት ያቃናሉ። እሩሯንም ከእንጨት ጠርበው ያድቦለቡሏታል። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ ከደስታ ብዛት በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል፤ ጨዋታው የዚያ መታሰቢያ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ በዚያ በተጠረበ እንጨት ስለሚጋጠሙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት አንድ የተሳሳተ አሳብ አለ። ሰዎች ምስጋናን እንደ ዕዳ ክፍያ ያዩታል። እግዚአብሔር መጀመሪያ ይሰጣል፣ እኛ የተሰጠንን ቆጥረን ልኩን እናመሰግናለን፤ ካልሰጠ ደግሞ ዕዳ የለብንም ይላሉ። «ልጄ ይመረቅልኝና ስለቴን አገባለሁ፣ ቤቱ ይለቅና ዝክር እዘክራለሁ» የሚሉ ብዙ ምእመናን አውቃለሁ። ስለት ክፉ አይደለም፤ ሐናም ተስላ ሳሙኤልን አግኝታለች። ክፉው፣ ከስለቱ ቀን በፊት ያለውን ዕድሜ በሙሉ ምስጋና የሌለበት የመጠበቂያ ክፍል ማድረግ ነው። እንዲህ ሲጠብቁ ያረጁ ሰዎች አይቻለሁ። ልጁ ሲመረቅ ሥራ እስኪይዝ ይላሉ፤ ሥራ ሲይዝ እስኪያገባ ይላሉ። የሞላ ቀን ቢመጣም አያውቁትም።

«ሲሞላልን ብናመሰግን አይሻልም?» ያልሽው ይህንኑ ነው። አይሻልም፣ እኅቴ። ይህን በግልጽ ልንገርሽ።

በቅዳሴ የምትሰሚውን ጸሎተ አኰቴትን አስታውሺ። የቅዱስ ባስልዮስ የምስጋና ጸሎት ነው። በጎ ነገር ያደረገልንን እግዚአብሔርን እናመስግን ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን ይዘረዝራል። ጠብቆናልና፣ ረድቶናልና፣ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና ይላል። ዝርዝሩን ደግመሽ አዳምጪው። ደመወዝ የለበትም። ቤት የለበትም። ልጅ ተመረቀ የሚልም የለበትም። ባለጸጋውም የጎዳና ተዳዳሪውም አንድ ላይ ቆመው፣ አንዳቸውም ሳይዋሹ ሊያደርሱት የሚችሉት ጸሎት ነው። «እስከዚህች ሰዓት አደረሰን» ለማለት 7 ወር ሥራ ማጣት አይከለክልም። እንዲያውም በነዚያ 7 ወራት ውስጥ ያለፈ ሰው ቃሉን ከሌላው ይበልጥ ያውቀዋል። እንዴት እንደ ደረሳችሁ አንቺ ታውቂያለሽ። ማን ዱቄት እንዳበደረሽ፣ ማን የቤት ኪራዩን ቀን እንዳራዘመልሽ ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ማታ ልጆችሽን «ተመስገን በሉ» ብለሽ ብቻ አትለፊያቸው። ቃሉ ሲደጋገም እንደ «ደህና እደሩ» ይሆንባቸዋል። አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ ዛሬ ማን ረዳን? ትንሹ ልጅሽ «ውሻው ሲያባርረኝ የባለሱቁ ልጅ ያዘልኝ» ቢል እሱ ምስጋና ነው። በዚያው ላይ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙና ተኙ።

ልቤ ባዶ ሆኖ አፌ ተመስገን ቢል ግብዝነት ነው ወይ ላልሽው ደግሞ፣ ጌታ በማቴዎስ 6 ላይ ግብዞች ያላቸው ለሰው ዓይን ብለው የሚጸልዩትን ነው። አንቺ በጨለማ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከሦስት ልጆች ጋር ነሽ። ማን አይቶሽ ነው ግብዝ የምትሆኚው? ልብሽ ደክሟል፣ አፍሽ ግን መንገዱን አልረሳም። ይህ ግብዝነት አይደለም፤ ድካም ነው። በዳዊት 12ኛው መዝሙር ላይ ነቢዩ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። ይጮኻል፣ ይወቅሳል። ያው አጭር መዝሙር ሳያልቅ ግን «የረዳኝን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ» ይላል። በመሐል ችግሩ ተፈታ አይልም። ስለዚህ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አልቅሺ። «እስከ መቼ?» በይው። እግዚአብሔር በዚህ አይቀየምም። ሥራ ማጣት ጥሩ ነው ብለሽ እንድትዋሺ ማንም አልጠየቀሽም።

ለሰው ዓይን ብለሽ ያደረግሽው አንድ ነገር አለ። እሱም ጨርቁ ነው።

ይህን ስል ላሳዝንሽ አይደለም፤ አንቺው ራስሽ «የከነከነኝ» ስላልሽ ነው። ልጅሽ 11 ዓመቷ ነው። በዚያ ዕድሜ ልጅ ሁሉን ያያል። በረቱን ስትሠራ «ቤታችን ድሃ ነው» ብላ አልሠራችም፤ ጌታ ተወልዷል ብላ ነው የሠራችው። ጨርቁ ሲወርድበት ግን የሠራችው ነገር የሚያሳፍር መሆኑን ተማረች። ስለ ምስጋና መቶ ጊዜ ብትነግሪያት ያቺ የጨርቅ ትምህርት ትበልጣለች። ዛሬውኑ አንሺው። ስታነሺውም ዝም ብለሽ አታንሺው። «ልጄ፣ ያን ቀን አፍሬ ነበር፤ ልክ አልነበርኩም» በያት። እናት ልጇን ይቅርታ ብትጠይቅ ክብሯ አይቀንስም።

ደግሞስ ምን ሸፈንሽ? በረት እኮ ነው። ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ልደቱን ሲጽፍ «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» በግርግም አስተኛችው ይላል። እመቤታችን ግርግሙን አልሸፈነችውም። እረኞች በሌሊት መጡ፤ እንዳለ አሳየቻቸው። ጌታን ወደ ቤተ መቅደስ ሲወስዱትም ያቀረቡት የዋኖስ ወይም የርግብ መሥዋዕት ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን 12 መሠረት ይህ ጠቦት መግዛት ያልቻለች እናት የምታቀርበው ነው። የሰማይና የምድር ጌታ እናት በድሆች ተራ ቆማ የድሆችን መሥዋዕት አቀረበች። የሞላ ቀን እስኪመጣ እንጠብቅ አላለችም።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። ታኅሣሥ 22 ብሥራተ ገብርኤልን እናከብራለን። መልአኩ ሲመጣ እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንደነበረ አባቶች ያስተምራሉ። በብዙ የብሥራት ሥዕሎች ላይም ፈትሉ በእጇ ይታያል። እንግዲህ ያን ታላቅ ቃል የሰማችው እጇ ሥራ ላይ እያለ ነው። እኔ ይህን ሥዕል ባየሁ ቁጥር እናቴ ትዝ ትለኛለች። ከገና በፊት ቤት ውስጥ ጧፍ ትሠራ ነበር። ማር የሚገዛ አቅም አልነበረንም። ጠጅ ከጣሉ ጎረቤቶች ሰፈፉን ለምና ታመጣለች። አፍልታ ታጠራዋለች። የጥጡን ክር እኛ ልጆቹ እናጠነጥናለን፤ እሷ ሰሙ ውስጥ እየነከረች ታወጣለች፤ ከዚያ ሞቅ እንዳለ ጣውላ ላይ እናድቦለቡለዋለን። ጣታችንን ያቃጥለን ነበር። እየሠራን ትዘምርልናለች። የገና ሌሊት ያንን ጠማማ ጧፍ ይዘን ስንቆም፣ ከሱቅ የተገዛ ቀጥ ያለ ጧፍ የያዘ ልጅ አያስቀናንም ነበር። የእኛን እኛ ሠርተነዋላ! ያኔ ማመስገንን እየተማርኩ እንደሆነ አላወቅሁም። እናቴም እያስተማርኩ ነው ያለች አይመስለኝም። በዓሉ ሊደርስ ነው፣ ጧፍ የለም፣ ስለዚህ እንሥራ ነው ያለችው።

የእምነት ትምህርት በቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚገባው፤ ወላጅ ትምህርት መሆኑን ሳያስበው። ልጅ በእጁ የሠራውን ነገር አይረሳም። የተገዛውን ዛፍ ግን የዛሬ 20 ዓመት ማንም አያስታውሰውም። ይህን የምለው የተገዛ ነገር ኃጢአት ስለሆነ አይደለም። ነገ እግዚአብሔር ሲሰጣችሁ ለልጆችሽ ጫማ ግዢላቸው፣ ደስ ይበላቸው። ግን ያን ጊዜም ቢሆን በረቱን መሥራት አትተዉ።

ስለ ባለቤትሽ ብዙ አልጻፍሽም። ሥራ ያጣ አባት በቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ መሆን ይጀምራል፤ ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ። ልጆቹ ሲሠሩ እሱ ጥግ ይዞ ስልኩን እያየ ከሆነ፣ ጥሪው። «ጣሪያው ዘመመ፣ ና አቅናልን» በይው። ቢላዋ ይዞ ለልጁ የገና ዱላ ይቁረጥለት። ገንዘብ ማምጣት ባይችል ዱላ መቁረጥ ይችላል። ልጁ አባቱን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል፤ አባትየውም ራሱን የሚያይበት ዓይን እንዲሁ። ለቤተሰባችሁ ይህ ከስጦታ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ከቻላችሁ ደግሞ ልጆቹ አንድ ነገር ለሌላ ሰው ይሥሩ። ጥቂት ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን፣ ወይም አንድ የጭቃ በግ ለዚያች ለቡና ለመጣችው ጎረቤትሽ። እሷም ምናልባት በቤቷ የሸፈነችው ነገር ይኖራል። የሌለው ሰው የሚሰጠው ነገር አለው ብለው ካደጉ፣ ሲያገኙም ሳያገኙም እጃቸው አይታጠፍም።

በዓሉ ሊገባ ትንሽ ቀን ነው የቀረው። ቀጤማውን ስትጎዘጉዙ በበረቱ ፊትም ጎዝጉዙ። አማትሽን ጥሪና ስለ በሬውና ስለ አህያው ይንገሯቸው፤ በልደቱ ሥዕል ፊት ጧፉን የሚያበሩትም እሳቸው ይሁኑ። ሌሊት ለቅዳሴ ስትወጡ ጧፉን አጥፉት፤ ካርቶን ነውና እንዳይያያዝ። በረቱን ግን ሳትሸፍኚ ሂጂ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የሥራውንም ነገር በጸሎት አስባለሁ።