ልጃችን ኦ ኔጌቲቭ ሆነች፤ ከማን ወረሰችው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሐዋሳ ነው። እኔ ቢ ፖዘቲቭ ነኝ፣ ባለቤቴ ኤ ፖዘቲቭ። የአምስት ዓመት ሴት ልጃችን ታማ ስትመረመር ኦ ኔጌቲቭ ናት ተባለ። አማቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ማለት ጀምረዋል። ባለቤቴ ምንም አይልም፤ የከበደኝ ዝምታው ነው። እንዲህ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይችላል። በደንብ ይችላል።

የደም ዓይነታችንን የሚወስኑት ሁለት ዘረመሎች ናቸው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ኦ ከኤ ወይም ከቢ ጋር ሲገናኝ ይደበቃል። የባለቤትዎ ካርድ «ኤ» ቢልም ውስጡ ኦ ሊኖር ይችላል። የእርስዎም «ቢ» እንደዚያው። ሁለታችሁም የተደበቀውን ኦ ካወረሳችኋት ልጅቷ ኦ ትሆናለች። እንዲያውም ኤ እና ቢ የሆኑ ባልና ሚስት አራቱንም ዓይነት ሊወልዱ ይችላሉ። አማትዎ የያዙት ክስ በዚህ ማስረጃ አያስኬድም።

ኔጌቲቩም እንዲሁ ተደብቆ ይወረሳል። ሁለቱንም ደብቃችሁ የያዛችሁ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ኦ ኔጌቲቭ ልጅ የመውለድ ዕድላችሁ ከ16 አንድ ነው። ትንሽ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ጥያቄ የሚያስነሳው ለምሳሌ ሁለት ኦ ወላጆች ኤ የሆነ ልጅ ሲኖራቸው ነው። ያኔም እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ላቦራቶሪውን ነው። ናሙና ይቀያየራል፣ ካርድ ላይ በስህተት ይጻፋል። ሦስቱም እንደገና ይመርመሩ እላለሁ። ከስንት አንዴ ደግሞ «ቦምቤይ» የሚባል የደም ዓይነት ያጋጥማል፤ በምርመራ ኦ መስሎ ይታያል፣ ለልጅ ግን ኤ ወይም ቢ ያወርሳል።

የደም ዓይነት መመሳሰልም አባትነትን አያረጋግጥም። ሐዋሳ ውስጥ ስንት ኤ ፖዘቲቭ ወንድ አለ? አባትነትን የሚለየው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና የሚሠራው የዲኤንኤ ምርመራ ነው። በእናንተ ውጤት ብቻ ግን ይህን አላዝም። ይልቅ ባለቤትዎን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ፍትሐዊ ባይሆንም፣ አንዳንድ ባል ከሚስቱ ይልቅ ነጭ ጋዎን የለበሰውን ያምናል።

የልጅቷን ካርድ ግን በደንብ ያስቀምጡ። ደም ቢያስፈልጋት ኦ ኔጌቲቭ ነው የሚሰጣት። አድጋ ስታረግዝም ኔጌቲቭ መሆኗን ለክትትል ሐኪሟ ትንገር። የፅንሱ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ሾተላይ የምንለው ችግር ሊመጣ ይችላል፤ በእርግዝና ወቅትና ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ በሚሰጥ መርፌ መከላከል ይቻላል።