የዕረፍቱ ሰሞን ጥያቄዎች፦ ድራማ፣ ፓወር ባንክና የወንጪ ድንኳን

የመንፈቅ ዓመት ፈተና ተቃርቧል፤ ከኋላው አጭሩ ዕረፍት አለ። የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች በአብዛኛው ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ አማቴ አብረውን ይኖራሉ። ማታ ማታ ቃና ላይ የሚከታተሉት ድራማ አያመልጣቸውም። ልጆቹ የሚያጠኑትም እዚያችው ሳሎን ነው። ይዘጋ ብል አማቴን ማስቀየም ነው፤ ዝም ብል የልጆቹ ዓይን ድራማው ላይ ነው። (ከሰሚት)

መልስ፦ አማትዎን ከድራማቸው አይለያዩዋቸው። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት እሱን ነው፤ ቢከለከሉ በቤቱ እንደተገፉ ይቆጥሩታል። ሁለተኛ ቴሌቪዥንም አያስፈልግዎትም። ሪሲቨርዎ የፍላሽ መሰኪያ ካለው የመቅዳት አገልግሎትም ሊኖረው ይችላል። ፍላሹን ሰክተው የድራማውን ሰዓት ይሙሉለት። ሪሲቨሩ ይብራ እንጂ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ መቆየት ይችላል። በማግሥቱ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እማማ ቡናቸውን እየጠጡ፣ ማስታወቂያውን እያሳለፉ ያዩታል። ብቻ ነገሩን የሚያማክራቸው ልጃቸው፣ ባለቤትዎ፣ ቢሆን ይሻላል።

ጥያቄ፦ 50,000 ሚሊ አምፒር የተባለ ፓወር ባንክ በርካሽ ገዛሁ። ስልኬን አንዴ ሞልቶ ያልቃል። (ከጀሞ)

መልስ፦ ተታለሃል፣ ወንድሜ። ያን ያህል የሚይዝ ቢሆን ባትሪዎቹ ብቻ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝኑ ነበር፤ በእጅህ መዝነው። ትክክለኛ 10,000 እንኳ ስልክህ ላይ የሚያደርሰው 6,000 ገደማ ነው፤ የቀረው ኃይሉ ሲቀየር ይባክናል። ካበጠ ደግሞ ፈጽሞ ቻርጅ አታድርገው።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ በዕረፍቱ ከትምህርት ቤቱ ጋር ወንጪ ሄዶ ሁለት ሌሊት በድንኳን ሊያድር ነው። አባቱ ይሂድ ይላል። እኔን ግን ብርዱም፣ ወባውም፣ ሐይቁም አስፈርቶኛል። (ከአያት)

መልስ፦ ይሂድ። ከከተማ ልጆቻችን ስንቱ ነው እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ሰማይ ሙሉ ኮከብ ያየው?

ወባውን ከሐሳብዎ ያውጡት። የወንጪ ተራራ ጫፉ 3,386 ሜትር ነው፤ ሐይቁም ያለው ደጋ ላይ ነው። ብርዱ ግን የምር ነው። በጥር ሰማዩ ስለሚጠራ ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ብዙ ወላጅ ብርድ ልብስ ይደራርብና ከሥር የሚነጠፈውን ይረሳል፤ ብርዱ ደግሞ ከመሬት ነው የሚወጣው። ስስ ስፖንጅ ያስይዙት። የሌሊት ልብሱንና ካልሲውን ለብቻ በፌስታል ቋጥረው ቀን እንዳይነካው ይንገሩት፤ በላብ በራሰ ልብስ የተኛ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። አዲስ ጫማ አይግዙለት፤ የለመደውን ያድርግ። ወደ ሐይቁ መውረዱ ቀላል ነው፤ ጉልበት የሚጨርሰው መልሶ ሽቅብ መውጣቱ ነው። ለዚያ በሶና ቆሎ ይቋጥሩለት።

የሐይቁ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት የሚደረሰው በጀልባ ነው። ትምህርት ቤቱን ቁርጥ አድርገው ይጠይቁ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ? ከልጆቹ ጋር የሚያድረው ማን ነው? ሌሊት ልጅ ቢታመም መኪናው እዚያው አለ ወይስ አድርሷቸው ይመለሳል? አጥጋቢ መልስ ካላገኙ ማስቀረት መብትዎ ነው።

ልጅዎ አልጋ ላይ የሚሸና ከሆነ ለመምህሩ ለብቻ ሹክ ይበሉት። ማታ ማታም አይደውሉ፤ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ነው ሆድ የሚብሰው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። የ9 ዓመት ልጄ ደሴ ከእናቴ ጋር ናት። ታብሌት ልላክላት ወይስ ገንዘቡን?

መልስ፦ እህቴ፣ ታብሌቱን ላኪላት፤ የጎደላት ያንቺ ፊት ነው። ውድ መሆን የለበትም፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ማከማቻው 64 ጊጋ ከሆነ ይበቃል። ዱባይ ላይ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ቦቲም የሚባለውን የቪዲዮ መደወያ መተግበሪያ ጫኚበትና በእናትሽ ቁጥር ይመዝገብ። የዱባይ ቻርጀር ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ከደሴው ሶኬት የሚያገናኝ መቀየሪያ ጨምሪበት። የዱባይ ሰዓት ከኢትዮጵያው በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ ላንቺ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ለእሷ 1 ሰዓት ነው፤ ገና አልተኛችም። ያቺን ሰዓት ከአሠሪዎችሽ ጋር ከወዲሁ ተነጋግረሽ አስፈቅጃት።